ከኮርኒስ በወረደ ውሃ የራሱ መጻሕፍት፦ በምን እንጀምር?

የንባብ ክፍል፦ ጤና ይስጥልኝ። ውሃ በጠፋበት ሰዓት ፎቅ ላይ ክፍት የተተወ ቧንቧ፣ ሌሊት ውሃው ሲመጣ ሲፈስ አደረ። ጠዋት 2 ሰዓት ስንከፍት የምድር ቤቱ ኮርኒስ ረጥቦ፣ ወደ 400 መጽሐፍ ርሷል። 120 ያህሉ ሲያነሱት ያንጠባጥባል፤ የቀረው ጠርዙ ነው የረጠበው። አብረቅራቂ ወረቀት ያላቸው የሕክምና መጻሕፍት፣ የተጠረዙ የቆዩ ጋዜጦችና አንድ የብራና ዳዊት አሉበት። ያለን ሁለት ቬንትሌተርና የካፌው ዲፕ ፍሪዘር ነው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ውጭ ብናሰጣቸውስ?

ጥራዝ፦ አይዟችሁ፣ ገና ጊዜ አላችሁ። መጽሐፍ ከመንካታችሁ በፊት የክፍሉን ብሬከር አጥፉ፤ ኮርኒሱ ውስጥ ያለው የመብራት መስመር ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ኮርኒሱ ወደ ታች ከተነፋ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ከሥሩ ያለውን መደርደሪያ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ባልዲ ደቅኑ፣ ከዚያ በረጅም እንጨት ጫፉን ብሱት። ዝም ከተባለ በአንዴ ይናዳል።

ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ሁለት ቬንትሌተር በዚህ ጊዜ 400 መጽሐፍ አያደርቅም። ስለዚህ ቶሎ ማድረቅ የማትችሉትን አቀዝቅዙት፤ ቅዝቃዜ ሻጋታውን አይገድልም፣ ባለበት ያቆመዋል።

ፍሪዘሩን መጀመሪያ ለአብረቅራቂዎቹ ስጡ። ወረቀቱ የተቀባው ነጭ ሸክላ ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ገጾቹ ተጣብቀው አንዴ ከደረቁ የሚያላቅቃቸው የለም። ስለዚህ ሳይደርቁ፣ በተቻለ መጠን በ6 ሰዓት ውስጥ ይግቡ። አትክፈቷቸው፣ አትጭመቋቸው፣ የተከፈተውንም በግድ አትዝጉት። እያንዳንዱን በስስ ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ የተሰፋበትን ጀርባ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በዳቦ ቤት የፕላስቲክ ሳጥን አንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ። ሳጥኑ ጢም አይበል። የራሰ መጽሐፍ ስለሚያብጥ ከመደርደሪያ ስታወጡም ጫፉን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ የሁለቱን ጎረቤቶች ገፋ አድርጋችሁ ከመሐል ያዙት። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ጋዜጦቹን በጣውላ ላይ አድርጋችሁ ከነጥራዛቸው ወደ ፍሪዘር ውሰዱ። ርጥብ ጋዜጣ መነጠል መቅደድ ነው።

ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ተዉት። ሽፋኑ ቀድሞ ደርቆ ይቆለመማል፣ ስፌቱ ጋ ያለው እርጥበት ግን እንዳለ ይቀራል።

ደረቅ ወረቀት፦ ጠርዛቸው ብቻ ለረጠበው ልጨምር። በደረቀው ጫፋቸው አቁሟቸውና ሽፋናቸውን እንደ በር ገርበብ አድርጉት። በየ50 ገጹ ውሃ መጣጭ ወረቀት አስገቡ፤ የምታስገቡት ሁሉ ተደምሮ ከመጽሐፉ ውፍረት አንድ አምስተኛ አይበልጥ፣ ከበለጠ ጀርባው ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ለውጡት። ለዚህ የሚሻለው ያልታተመ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ የጥቅልሉን ትርፍ ማተሚያ ቤቶችን ጠይቁ። የታተመ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል፤ ሶፍት ደግሞ እየተበጣጠሰ ይጣበቃል።

ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ የሚፈለገው አየሩ እንዲዘዋወር እንጂ ገጹ እንዲርገበገብ አይደለም። ዝናብ ሲጥል መስኮት ዝጉ፤ ነሐሴ ላይ ከውጭ የሚገባው እርጥበት ነው። የእጃችሁን ጀርባ በገጾቹ መገናኛ ላይ አድርጉ፤ ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ሊጨርስ ሲል ዝጉትና ጣውላና ጡብ ጫኑበት።

ብራና ጠጋኝ፦ ዳዊቱ ፍሪዘር እንዳይገባ፤ ወደ ሙቀትም አይጠጋ። ብራና ቆዳ ነው፤ ሙቀት ያኮማትረዋል፣ ሲብስም ወደ ሙጫነት ይለውጠዋል። መጀመሪያ ከማኅደሩ፣ ማለትም ከቆዳ ማስቀመጫው፣ አውጡት፤ የራሰ ማኅደር ሲደርቅ ጠብቦ ይይዘዋል፣ ቆዳውም ቀለም ይለቃል። ጥላ ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ አስተኙትና በራሱ ፈቃድ እስከሚከፈትበት ድረስ ብቻ ክፈቱት። በቅጠሎቹ መሐል ንጹሕ መጣጭ ወረቀት አስገቡ። ጽሑፉን አትጥረጉት፣ በተለይ ቅዱሳት ስሞች የተጻፉበትን ቀይ ቀለም፤ ጥቁሩ የጥላሸት ቀለምም ብራናው ሲኮማተር ይረግፋል። ዛሬውኑ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ደውሉ።

የንባብ ክፍል፦ እግዜር ይስጥልን። መብራት ቢጠፋስ? አንድ የአበባ እርሻ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ሊያውሰን ፈቅዷል፣ ያዋጣል?

ጥራዝ፦ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 2 ቀን ያህል ይቆያል፤ ክዳኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። የአበባ ክፍል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ሻጋታውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጠርዛቸው የረጠበው ተራቸው እስኪደርስ ለጥቂት ቀን እዚያ ይቆዩ፤ ለአብረቅራቂዎቹ ግን የሥጋ ወይም የዓሣ ማከማቻ ፈልጉ። በረዶ የሆነው ለወራት ቢቀመጥ ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመኗ ቫይማር የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል፣ በእሳት ማጥፊያው ውሃ የራሱት ላይፕሲግ ተወስደው በበረዶነታቸው ነው በቫኪዩም (አየሩ በተመጠጠበት ክፍል) የደረቁት። እናንተ ስታወጡ በቀን 5 ወይም 6 ብቻ አውጡ፣ አብረቅራቂዎቹን በመጨረሻ። እነሱ ሲቀልጡ ገጽ በገጽ እየለያዩ በመሐል ስስ ላስቲክ የሚያስገባ ሰው ከአጠገባቸው መጥፋት የለበትም።

መደርደሪያውንም ግድግዳው ሳይደርቅ አትመልሱት፤ ስትመልሱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት።