ሳይክል እየነዳሁ ፀሐይ ፊቴን ጨረሰችው፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የአባይ ማዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ፤ ቤቴ አባይ ማዶ፣ ቢሮዬ ከድልድዩ ወዲህ። የባጃጅ ሒሳብ ሲያስመርረኝ መስከረም ላይ ሳይክል ገዛሁ። እስከ ጥር ድረስ ከኔ በላይ ደስተኛ አልነበረም።

አሁን ሚያዝያ ገባ። ጠዋትና ማታ ደህና ነው፤ ጉዱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የማጠባት ልጅ ስላለችኝ 6፡30 ላይ እከንፋለሁ፣ 7፡30 ላይ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ነኝ። እየነዳሁ ነፋሱ ስለሚያበርደኝ ምንም አይሰማኝም። የሚታወቀኝ ማታ ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ሳሙናው ይለበልበኛል። ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቷል። የእጄ ጀርባ ሁለት ቀለም ሆኗል፤ ሰዓቴን ሳወልቅ ከሥሩ የሌላ ሰው ቆዳ ያለ ይመስላል።

ነጠላ ተከናንቤ ሞከርኩ። ጫፉ የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ድልድዩ መግቢያ ላይ ለጥቂት ተረፍኩ። ከኋላዬ የነበረው ባለባጃጅ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ሰንስክሪንም (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ገዛሁ። ስቀባው አመድ መሰልኩ፤ የቢሮ ልጆች «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የዋልሽው?» አሉኝ። ላብ ሲመጣ ደግሞ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አስለቀሰኝ። እማዬ «ጥቁር ሰውን ፀሐይ ምን ታደርገዋለች?» ባይ ናት። እውነት እኔ ነኝ ያካበድኩት?

ጋሽ ጡረታ፦
ልጄ፣ አላካበድሽም። እኔ ሳይክል የለመድኩት እዚህ ከተማ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ነጠላውን ተዪው። የባልሽን ሰፊ ሸሚዝ ከላይ ደርቢ። እጅጌው እስከ ጣትሽ ይውረድ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ አቁሚው። ስለምናጎነብስ ክፉኛ የሚቃጠለው ማጅራት ነው። ስስ ነጭ ጨርቅ አትመኚ። ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፤ ጣትሽ ከታየሽ ፀሐይዋም ቆዳሽን ታየዋለች። በላብ ከራሰማ እንደሌለ ቁጠሪው። ከንፈርሽንም አትርሺ። የኔ በየዓመቱ በዚህ ወር ይቆስላል፤ ባለቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሽልኛለች።

ፋርማሲስቷ፣ ከሐዋሳ፦
ጋሼ፣ ያ ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው። ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች። «ምች» ያሉት ሰዎች ፀሐይዋን መጠርጠራቸው ስህተት አይደለም።

እህቴ፣ ያንቺ ችግር ሰዓቱ ነው። እኩለ ቀን 6 ሰዓት ይባል እንጂ ባህር ዳር ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ የምትደርሰው 6፡30 ገደማ ነው፤ ልክ አንቺ ስትወጪ! ሚያዝያ 12 አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብላ አናትሽ ላይ ትቆማለች፤ ጥላሽን እግርሽ ሥር ፈልጊው። በዚያ ላይ ከተማችሁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ይረዳል። ማድያትን ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም እኛ ላይ ይብሳል።

ክሬሙን ቀይሪው እንጂ አትተዪው። አመድ የሚያስመስለው ዚንክ ወይም ቲታኒየም ያለበት ነው። የቆዳ ቀለም ያለውን ፈልጊ፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ለማድያት ጥሩ ነው። ኤስፒኤፍ (ዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከያ መጠን) 30 ይበቃሻል። እሱ ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ይከላከላል፣ 50ው 98፤ ለአንድ በመቶ ብለሽ ደሞዝሽን አትጨርሺ። ይልቅ አትቆጥቢው፤ ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያስፈልጋል። ጠዋት የተቀባሽው ለምሳ አያገለግልም፣ ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ በፊት ድገሚው። ግንባርሽ ላይ ላብ የሚመጥ ጨርቅ ብታስሪ ዓይንሽ ይተርፋል።

ሎሚ ፊትሽን እንዳትቀቢ! ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። «ፊት ያጠራል» የሚባሉ ክሬሞችን ከየሱቁ አትግዢ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የምትወስዱም ተጠንቀቁ፣ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ራሰ በራው፦
እኔ የምመክረው የለኝም፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሙልጭ ብዬ ተላጭቼ፣ ሄልሜት አድርጌ ጢስ ዓባይ ደርሼ ተመለስኩ። ፀሐይዋ በሄልሜቱ ቀዳዳዎች ገብታ አናቴን በሰንበር በሰንበር ጠበሰችው። ሐብሐብ መስዬ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። አሁን ከሥር ስስ ኮፍያ አለኝ።

የአባይ ማዶዋ፦
ሐብሐቡ ገደለኝ! ጋሼ፣ ፋርማሲስቷ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለም ያለውን ክሬም ሦስት ቦታ ጠይቄ አጣሁት፤ እዚህ የት እንዳለ የምታውቁ ጻፉልኝ። ሸሚዙን ግን ዛሬ ጀመርኩ። ኮሌታውን አቁሜ፣ መነጽር አድርጌ፣ አፌን በሻሽ ሸፍኜ ቤት ደረስኩ። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ «ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።