የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥልጣን ዘመን በሕገ መንግሥት ይገደብ?

አወያይ፦ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ርዕሰ ብሔሩ ለ6 ዓመት እንደሚመረጥና ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 72 ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሥራ ዘመን ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ5 ዓመት ዘመን ጋር ከማያያዝ ያለፈ ገደብ አያስቀምጥም። ይሻሻል ወይስ ባለበት ይቆይ?

የሕግ መምህርት ከጎንደር፦ በእኔ አስተያየት መገደብ አለበት። ሥራው በአመዛኙ ሥነ ሥርዓታዊ የሆነውን ፕሬዚዳንት በ12 ዓመት ገድቦ፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ የሆነውንና ሚኒስትሮችን ለሹመት የሚያቀርበውን ሰው ያለ ገደብ መተው፣ ጓሮውን አጥሮ ደጁን ክፍት እንደ መተው ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ከነሐሴ 1987 እስከ ነሐሴ 2004 ድረስ 17 ዓመት በቦታው ቆይተው ከመንበሩ የለያቸው ሕግም ምርጫም ሳይሆን ሞት ነበር።

ጠበቃ ከሐዋሳ፦ መምህርት ያነሱት ታሪክ እውነት ነው፤ በመድኃኒቱ ግን አልስማማም። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው በምክር ቤቱ እስከሆነ ድረስ፣ ልጓሙም ምክር ቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊያወርደው መቻሉ ነው። የብሪታንያዋ ማርጋሬት ታቸር ሦስት ተከታታይ ምርጫዎችን አሸንፈው እ.ኤ.አ. በ1990 የወረዱት የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎች ፊት ስለነሷቸው ነው። ከዚያ ቀደም በ1979 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጄምስ ካላሃን 311 ለ310 በሆነ ድምፅ የምክር ቤቱን እምነት አጥተው ምርጫ ለመጥራት ተገደዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ነው ይላል እንጂ፣ እንደራሴዎቹ እምነት ማጣታቸውን በምን ሥርዓት እንደሚገልጹ አይዘረዝርም። የጎደለን ይህ ነው።

ተሳታፊ ከባሕር ዳር፦ ሁለታችሁም ሥሩን አልነካችሁትም። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ ሕዝቡ ዓይኑን የጣለው 547 መቀመጫ ባለው ፓርላማ ላይ ሳይሆን 180 አባላት ባሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዝግ ስብሰባ ላይ ነበር። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በዚያ ስብሰባ በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር ሆነው ሲመረጡ ነገሩ አለቀ፤ ፓርላማው መጋቢት 24 ያደረገው የተወሰነውን ማጽደቅ ነው። እንግዲያውስ ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ይምረጥ።

ተሳታፊ ከሃይፋ፦ ቀጥታ ምርጫው እዚህ እስራኤል ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1999 መራጩ ሁለት ወረቀት ይዞ ገባ፤ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሌላው ለፓርቲ። የታሰበው መሪውን ከትናንሽ ፓርቲዎች ጫና ለማላቀቅ ነበር። ይሁን እንጂ መራጩ በመጀመሪያው ወረቀት ከትልልቆቹ መሪዎች አንዱን ከመረጠ በኋላ፣ በሁለተኛው የልቡን ትንሽ ፓርቲ መረጠ። በ1999 ኤሁድ ባራክ ሲያሸንፉ የእሳቸው ስብስብ ከ120 የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) መቀመጫዎች ያገኘው 26 ብቻ ነበር፤ መንግሥታቸውም ሁለት ዓመት አልሞላም። በ2001 ለሦስተኛ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ሕጉ ተሻረ።

የሕግ መምህርት ከጎንደር፦ የሃይፋው ወንድማችን ማስረጃ የቀጥታ ምርጫን ሐሳብ ያዳክማል፤ የእኔን ግን አይነካም። ጠበቃው የጠቀሱት የእምነት ድምፅ የሚሠራው የእንደራሴው ዕጣ በፓርቲው መሪ እጅ ባልወደቀበት አገር ነው። ዕጩ የሚያደርገውን ሊቀ መንበር እንደራሴው ያወርደዋል ብሎ መጠበቅ ይከብደኛል። የዘመን ገደብ የማንንም ድፍረት አይጠይቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይሠራል። ሌላም ክፍተት አለ። አቶ መለስ ካረፉ በኋላ አቶ ኃይለማርያም መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ የሠሩት፣ አንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌለ ጊዜ ተክቶ እንዲሠራ ስለሚያዝ ነው። የመሪው መሞትና ለጉዞ ከአገር መውጣቱ በአንድ ድንጋጌ ተጠቅልለው ቀርተዋል፤ ምክትሉ እስከ መቼ እንደሚቆይም አልተነገረም።

ጠበቃ ከሐዋሳ፦ በክፍተቱ እንስማማለን። በገደቡ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በአንቀጽ 105 መሠረት ማሻሻያው የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በተጨማሪም ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛውን ይሁንታ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ድምፅ ማሰባሰብ የሚችለው ያው ገዥው ፓርቲ ከሆነ፣ ገደቡን ሲያጸድቅ በሥልጣን ላይ ላለው ሰው ቆጠራውን ከዜሮ እንዳይጀምርለት ምን ይከለክለዋል? መምህርት ለዚህ የሚሆን የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ካዘጋጁ ቢያሰፍሩልን፣ በእሱ ላይ እንነጋገር።