ጥቆማ፦ ጅማ ላይ ለሚሞቅ ኢንቨርተር የትኛው ባለሙያ፣ የትኛው ዕቃ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቡና መቀሸሪያችን አጠገብ ባለው ቢሮ የምንጠቀምበት 3,000 ዋት ኢንቨርተር (ዲሲ ኤሌክትሪክን ወደ ኤሲ የሚቀይር ዕቃ) ከሰዓት በኋላ ጭነት ሲበዛበት የሙቀት ማስጠንቀቂያ እያሳየ ይጠፋል። አዲስ ግዙ ያሉን አሉ። ጅማ ውስጥ ማን ዘንድ ብናሳየው ይሻላል?

መልስ፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ለባለሙያ ያሳዩት። ብቃቱ 93 በመቶ የሆነ ኢንቨርተር 3,000 ዋት ሲሰጥ ተጨማሪ 225 ዋት ያህል በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ይህ ሙቀት ከሞስፌቶቹ (ኤሌክትሪኩን ከሚያበሩና ከሚያጠፉ ትራንዚስተሮች) ወደ አሉሚኒየሙ ሂትሲንክ (ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚበትን ብረት)፣ ከዚያም ወደ አየር የሚወጣበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ ከታፈነ ዕቃው ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ዋስትናው ካላለቀ ወደ ሻጩ ይመልሱት። ካለቀ ግን የእኔ ምርጫ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቴሌቪዥን ጠጋኞች ቦርድ በማንበብ ቢበልጧቸውም፣ የብየዳ ማሽን ጠጋኞች ሂትሲንክ ላይ የታሰረ አይጂቢቲ (ከፍተኛ ኃይል የሚቆጣጠር ትራንዚስተር) በሙቀት ሲቃጠል ማየት የዘወትር ሥራቸው ነው። ቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ኤሌክትሪካል ተምሮ ወደ ጥገና የገባ ወጣት ካገኙ ደግሞ እሰየው።

ባለሙያውን በእጁ ይለዩት። ጎበዙ እንደ ኖራ ደርቆ የሚፈረፈረውን አሮጌ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠርጎ አዲሱን በስሱ ይቀባል፣ ከሥር የነበረውን የማይካ ቁራጭ (ኤሌክትሪክ የሚያግድ ስስ ማዕድን) ሳይሰበር ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ብሎኖቹንም እያፈራረቀ ያጠብቃል። ፔስት የሚያስፈልገው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረውን አየር ለመተካት ብቻ ስለሆነ፣ አወፍሮ የሚለቀልቅ ሰው ሙቀቱን ያግዳል። ለዚህ ሥራ ተራው ነጭ ፔስት ይበቃል፤ ገንዘቡን ባለ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ) ፋን ላይ ያውሉት። ፋኑ በመጠንም በቮልትም ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የነፋሱ አቅጣጫ ከተገለበጠ ጥቅም የለውም።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። አቧራውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት የተለመደ ቢሆንም፣ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ውኃና ዘይት ስለሚቀላቀልበት የቡናውን ገለባ ብናኝ ቦርዱ ላይ ያጣብቀዋል፤ ደረቅ ብሩሽና የእጅ ብሎወር ይሻላሉ። በተጨማሪም ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠለል 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የሚወስደው በትንሹ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጭነት እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ስለዚህ የእርስዎን ኢንቨርተር ከ2,700 ዋት በላይ ለረጅም ሰዓት ባያሠሩት ይመረጣል። ከጸዳና ፋኑ ከተቀየረ በኋላም በዚህ ጭነት የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ባለ 5,000 ዋቱን ይግዙ፤ ሲተክሉትም ከመቀሸሪያው ጋር በማይገናኝ ክፍል ይሁን።