ኮሪያ ለወደቀ ወጣት ዘማች የሕይወት ታሪክ፦ ቀኑ አልገጥም አለን

የዘማች ቤተሰብ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአያታችን ታናሽ ወንድም ክብር ዘበኛ ነበር። ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ እዚያው ወደቀ። ቤተሰቡ ሊዘክረው ስለሆነ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ፎቶውም በትልቁ ታትሞ ይሰቀላል። በእጃችን ያለው አንድ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ፣ በነሐሴ 1943 የጻፈው ደብዳቤ፣ እና በቤቱ ዳዊት ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀን ነው፦ መስከረም 10 ቀን 1944። ያገኘነው የወደቁት ዘማቾች የእንግሊዝኛ ስም ዝርዝር ደግሞ ሴፕቴምበር 21፣ 1951 ይላል። ስናሰላው መስከረም 11 ይመጣል። ሌላ ሰው ይሆን? ማዕረጉንም በእርግጥ አናውቅም።

ባሕረ ሐሳብ፦
ያው አንድ ቀን ነው፤ ዳዊቱን እመኑት። ሰው ሁሉ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ይነሳል። 1943 ግን ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ1944 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከ12 ተነሥታችሁ ቁጠሩ፣ ሴፕቴምበር 21 መስከረም 10 ላይ ያርፋል። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ 29፣ 1952 ድረስ ይቀጥልና ከዚያ ይስተካከላል። ስልክ ላይ ያሉት መቀየሪያዎች አብዛኞቹ በትክክል ይሠሩታል፤ የሚሳሳተው በጣቱ የሚቆጥር ነው።

የዓመቱንም ልብ በሉ። ደብዳቤው 1943፣ ዕረፍቱ 1944 ስለሆነ በመካከል ዓመት ያለፈ ይመስላል። የወር ገደማ ልዩነት ነው። ሲነበብ ይህ ካልተነገረ አድማጭ ያላግባብ አንድ ዓመት ይጨምርለታል።

አፍንጮ በር፦
በቀኑ ተስማምቻለሁ። በስም በኩል ግን ገና አትርጉ። የውጭ ዝርዝሮች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው ያስቀድሙታል። ወልደ ጊዮርጊስ ለሁለት ተሰንጥቆ «ጊዮርጊስ» ሥር ሊገኝ ይችላል። ጸ እና ቀ ደግሞ እንደ ጸሐፊው በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት መልክ አላቸው። ስም፣ የአባት ስምና ቀን ሦስቱም ከገጠሙ ብቻ «እሱ ነው» በሉ። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ላይ የወደቁት ስም ስላለ ከዚያም አመሳክሩ፤ ማኅበራቸውንም ጠይቁ።

ማዕረግ ካልተረጋገጠ «ወታደር» ወይም «ዘማች» ብሎ መተው ነው። ቤተሰብ በጊዜ ብዛት ሹመት ይሰጣል፤ ሃምሳ አለቃው በልጅ ልጆች ዘመን ሻምበል ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት «ፑሳን ተቀበረ» ብለው በመጻፍ ነው። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ አስከሬን የለም፤ ወደ አገር ተመልሷል። እዚያ ያለው እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራው የስም ግድግዳ ነው፤ 40,896 ስም ተቀርጾበታል፣ የእኛም ሰዎች አሉበት። የሟቾቹንም ብዛት አንዱ መጽሐፍ 121፣ ሌላው 122 ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ይህን ማንሳት ለምን ያስፈልጋል?

የጽሑፍ ሰው፦
አንድ ገጽ ማለት ወደ 300 ቃል ነው፤ በረጋ ድምፅ ሦስት ደቂቃ ከግማሽ ይፈጃል። ከዚያ ካለፈ ሕፃናቱ መንቀሳቀስ፣ አዋቂዎቹም መንሾካሾክ ይጀምራሉ።

የቃኘው ታሪክ ገጹን እንዳይበላው። ብዙዎች «ቃኘው» ከተባለው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ተነሥተው፣ ጃንሆይን አመስግነው፣ ልጁ የሚመጣው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ለዘመቻው አራት መስመር ይበቃል፦ በሚያዝያ 1943 በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን ደረሱ፤ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ክፍለ ጦር ሥር ገቡ ብሎ... ይቅርታ፣ 32ኛው ሬጅመንት ነው። (ሁለቱን «ክፍለ ጦር» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፣ እጄ ለምዶብኝ።) ኮረብታ 602 የሚባለው ውጊያም በዚያው በመስከረም ነው። ቁጥሩ ከፍታው በሜትር ነው እንጂ የምሽግ ተራ አይደለም። ልጁ እዚያ ኮረብታ ላይ መውደቁ ካልተረጋገጠ «በዚያ ሰሞን» በሉ።

የቀረው ቦታ የእሱ ነው። የት ተወለደ፣ ስንተኛ ልጅ ነው፣ ፊደል የት ቆጠረ፣ ማን ያዝለው ነበር፣ ምን ይወድ ነበር። ከደብዳቤው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጥቀሱ፣ የፊደል ግድፈቱን ሳታርሙ። እናቱን ወይም ከብቱን የጠየቀበት መስመር ካለ እሱን ምረጡ።

ፎቶ ቤት፦
ጉርዱን በስልክ አታንሱት፤ ስካነር ላይ 1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፈው የነጥብ ብዛት) ይነሣ። ሦስት በአራት ሴንቲሜትር በዚያ ልክ ሲነሣ በ200 ዲፒአይ 18 በ24 ሴንቲሜትር ጥርት ብሎ ይታተማል። በ300 ከተነሣ ግን 4.5 በ6 ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሲለጠጥ ፊቱ ጭጋግ ይለብሳል። አልበም ላይ ከተጣበቀ አትላጡት፣ ከነገጹ ስካን ይደረግ። ላሚኔሽን ጨርሶ አይነካው። በፕሮግራም «አሳምሩት» ያላችሁ እንደሆነ የሌላ ሰው ዓይን ተክለው ይመልሱላችኋል፤ ጭረቱን ብቻ ያጥፉ። ትከሻው ላይ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ምልክት ካለ የ7ኛው ክፍለ ጦር ስለሆነ ፎቶው ኮሪያ ከደረሰ በኋላ የተነሣ ነው።

የዘማች ቤተሰብ፦
ምልክቱ አለ! እግዜር ይስጥልን። ቄሱ ደግሞ የክርስትና ስሙን ጠይቀውናል፣ ማንም አያውቀውም።

ባሕረ ሐሳብ፦
ለፍትሐት የግድ ያስፈልጋል፤ በዓለም ስሙ አይጸለይለትም። ዳዊቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ኅዳጉን ሁሉ እዩ። ቀኑን የጻፈ ሰው ስሙንም «ነፍስ ይማር» ከሚለው አጠገብ ሳያሰፍር አይቀርም።