የታሸገ አተርና ፉርሽካው ያልወጣለት ዱቄት፦ እንዴት ላወዳድራቸው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አግዙኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምንኖረው። እናቴ ግፊትም ስኳርም አለባት። ሐኪሟ ጨው ቀንሺ፣ ፋይበር ያለው ምግብ አብዢ ብሏታል። እኔ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የቆርቆሮ አተር፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት ገዝቼ መጣሁ።

የጨነቀኝ ማወዳደሩ ነው። በ100 ግራም ሲታይ ዱቄቱ ከ10 ግራም በላይ ፋይበር አለው፣ አተሩ 4 ገደማ። ዱቄቱ አሸነፈ እንዳልል እሱ ደረቅ ነው፣ አተሩ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ካሎሪውም የዱቄቱ ወደ 340 ሲሆን የአተሩ 70 አካባቢ ነው፤ ዱቄቱም ቢሆን ተቦክቶ ዳቦ ሲሆን ውሃ ይገባበታል። ታዲያ በምን ልለካው? በግራም፣ በካሎሪ ወይስ እሷ ባንድ ጊዜ በምትበላው መጠን?

ሌላው ጨው ነው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ነው፣ በ2.5 ሳባዛው ጨውነቱ አስደነገጠኝ። ውሃውን ደፍቶ አተሩን ማለቅለቅ ጨዉን ይቀንሳል፣ ግን ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይሄዳል። ለእሷ የቱ ይብሳል?

የሥነ ምግብ ባለሙያ ካላችሁ፣ ለምሳዋ ስንት ቁራሽ ዳቦ ከስንት ማንኪያ አተር ጋር ላቅርብላት? በእናታችሁ፣ ዝም አትበሉኝ።