የሜዲካል ሰርጂካል (የውስጥ ደዌና የቀዶ ጥገና) ክለሳ፦ ለማህበራችን ነርሶች የ2 ቀን ሥልጠና ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ። ርዕሶቹ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሰውነት ክፍሎችን ሲጎዳ)፣ ዲኬኤ (በስኳር ሕመም ደም አሲድ ሲበዛበት)፣ ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ እንዲያዝልን እውቅና ካለው ተቋም ጋር እንነጋገራለን። ፈቃድ ለማሳደስ የሚሯሯጠው ብዙ ነው። ምሳና ሻይ ከማህበሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየትኛው ማህበር? የአምናው ቲሸርት ዕዳ እንኳ አልተዘጋም።

ድንገተኛ፦ 5 ርዕስ በ2 ቀን ማለት ስላይድ ማንበብ ነው። ዲኬኤን ብቻ በደንብ እንያዝ። ስኳሩ 500 ነው ሲባል ሁሉም ወደ ኢንሱሊን ይሮጣል። ፖታሲየሙስ? ዝቅ ብሎ ሳለ ኢንሱሊን ከገባ ያለውንም ወደ ሴል ይከተዋል፣ የልብ ምት ይዛባል። ፈሳሽ ይጀመር፣ ፖታሲየም ይታይ፣ ከዚያ ኢንሱሊን።

አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል)፦ ሴፕሲስ ከቀረ እኔ የለሁበትም። አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይባላል፣ እኛ ጋ አስታማሚው መድኃኒት ፍለጋ ሲዞር ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ ቀድሞ መለየት ነው። አዛውንት ያለ ትኩሳት፣ እንዲያውም ቀዝቅዘው፣ ግራ ገብቷቸው፣ ትንፋሻቸው ፈጥኖ ሊመጡ ይችላሉ። ትንፋሽ የሚቆጥር ግን የለም። ቻርቱ ላይ ሁሉም ሰው 20 ነው።

ሰርጂካል፦ 20ዋን ተዋት! አስቀኸኛል፣ ግን እውነት ነው።

ሜዲካል፦ መጋቢት ሁዳዴ ነው። ምሳው የጾም ነው የፍስክ? ባለፈው ግማሹ ሰው ዳቦ በሻይ በልቶ ነው የሄደው።

ገንዘብ ያዥ፦ በየዓይነቱ ይበቃል። ርካሽም ነው።

ሰርጂካል፦ የማይጾመውስ?

ሜዲካል፦ ሽሮ ማንንም አልገደለም። ዘይቱ ግን ይታይ፣ ባለፈው ጨጓራዬን ነው የላጠኝ።

ድንገተኛ፦ ስለ ምሳ ይሄ ሁሉ፣ ስለ ፖታሲየም አንድ ሰው አልመለሰም። ለምሳ ከሆነ የምትመጣው ቤትህ ብላ።

ሜዲካል፦ ናይት አድሮ ለሚመጣ ሰው ምሳ ቀልድ አይደለም። መዋጮ የምከፍለው ልሰደብ አይደለም። ካልፈለጋችሁኝ ስሜን ሰርዙት።

ገንዘብ ያዥ፦ የ3 ወር መዋጮህን ከፍለህ ውጣ።

ሲስተር (ጡረታ)፦ ልጆች፣ በቃ! ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ነው። ፋሲካ ያልፋል፣ ሃምሳው ውስጥ ነን፣ ጾም የለም። ያን ቀን አድርጉትና ገላግሉን።

ድንገተኛ፦ እሺ እትዬ። አንተም ወንድሜ፣ ተወው፣ እኔም ናይት ወጥቼ ነው የምጽፈው።

ሜዲካል፦ ችግር የለም። ዘይቱ ግን ይታይ።

ጸሐፊ፦ ለሲፒአር (ልብ ሲቆም ደረት ተጭኖ የማነቃቃት) ልምምድ ማኒኪን (አሻንጉሊት) አመጣለሁ ያለው ሰው የት ገባ? ያነባል፣ አይመልስም።

አዲስ ተመራቂ፦ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ የጠብታ ስሌት ይጨመርልኝ። 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት፣ ሴቱ በሚሊ 20 ጠብታ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ገደማ። ትምህርት ቤት ፓምፕ አስተማሩን፣ ዋርድ ውስጥ ያለው የእጅ ሰዓት ነው።

አይሲዩ፦ ይግባ። እስካሁን ከተባለው ሁሉ የሚረባው ይሄ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ግንቦት 4 ከሆነ ቲሸርት የግድ ነው። የእግር ጉዞም አለ። መርካቶ ያሳተምነው ልጅ ዕዳውን ከከፈልነው ይቀንስልናል።

ሰርጂካል፦ ቆይ፣ ደም መፍሰሱ የት ሄደ? ግፊት ሲወርድ ያየ ዘግይቷል። መጀመሪያ የሚፈጥነው የልብ ምት ነው፣ ሽንት ይቀንሳል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ፋሻው ደረቅ ነው ብሎ መተኛት አይደለም፣ ሆድ ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ። ግንቦት 4። ጠዋት የእግር ጉዞ። ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሴፕሲስና ዲኬኤ። ጊዜ ከተረፈ የጠብታ ስሌት። ደም መፍሰስ፣ ስትሮክና የልብ ድካም ለሌላ ጊዜ። ምሳ የለም፣ ገንዘቡ ለቲሸርት።

ድንገተኛ፦ 2 ቀን የነበረው 3 ሰዓት ሆነ? ሲፒዲ ነጥቡስ?

ጸሐፊ፦ ለ3 ሰዓት ይሰጡ እንደሆነ ተቋሙን የሚጠይቅ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

ጸሐፊ፦ አንድ ሰው አልኩ።

ሜዲካል፦ ቲሸርቱ ኮሌታ ያለው ይሁን። ነጭ አይሁን።

ሰርጂካል፦ ነጭ ካልሆነ ነርስ ምኑ ላይ ነው?