ክርክር፦ የሚናገር መጫወቻ ልጅን አፍ ያስፈታል?

ጥያቄውን ያነሳው አባት (አዲስ አበባ)፦
የልጄ ኬጂ ለመጫወቻ መግዣ መዋጮ ጠይቆናል። ሊገዛ የታሰበው በባትሪ የሚሠራ፣ ሲነኩት በእንግሊዝኛ የሚናገርና የሚዘፍን ነው። «የልጆቹን ንግግር ያፋጥናል» ተባልን። እኔ ተቃውሜያለሁ። ገንዘቡ ለብሎኬት፣ ለአሻንጉሊት፣ ለእቃቃ መጫወቻና ለሥዕል መጻሕፍት ይዋል ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

የመንትዮች እናት፦
አልስማማም። እኔም ባለቤቴም ቤት የምንገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። ሞግዚታችን ደግ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት። ልጆቼ ቀለማትን በስም የለዩት ከእንደዚህ ዓይነት መጫወቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ከሚሰሙ ይኼ አይሻልም?

ጥያቄውን ያነሳው አባት፦
እህቴ፣ ቀለም መጥራታቸውን አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውን የተመራማሪዋን የአና ሶሳን ጥናት እይው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የተሠራ ነው። ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸው 26 ሕጻናት ከወላጆቻቸው ጋር በቤታቸው ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀዳ። በሚናገሩ መጫወቻዎች ሲጫወቱ ወላጅ በደቂቃ የተናገረው ወደ 40 ቃል ነው። በእንጨት መገጣጠሚያና በብሎኬት ሲሆን ወደ 56፣ በመጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ወደ 67። ሕጻናቱ ራሳቸውም በመጽሐፍ ጊዜ ካወጡት ያነሰ ድምፅ አወጡ። መጫወቻው ሲያወራ ሰው ዝም ይላል ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

የመንትዮች እናት፦
26 ሕጻናት ብቻ? ደግሞ ወላጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው። የእኔ ጥያቄ ወላጅ ስለሌለበት ሰዓት ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ከሻጭ በኩል አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የሚያወራ አለ?» ብሎ ነው። ብሎኬት አቧራ ይጠጣል። ከሚያወሩት ውስጥ ደግሞ ምን እንደሚሉ ለእኔም የማይገባኝ አለ፤ ድምፁ የታፈነ ነው። ያንን ለልጁ ቋንቋ ብሎ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል። ሳይገዙ በፊት ከፍተው ያዳምጡት።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ፦
የመንትዮች እናት ያነሳችው ነጥብ ከባድ ነው፣ በቁጥር ብቻ አይመለስም። ልጅ አፉን የሚፈታው ስለሰማ ብቻ አይደለም። መልስ ሲያገኝ ነው። ሕጻኑ «ባ» ሲል ዓይኑን አይቶ «ባ! አባ መጣ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል አሜሪካ፣ ሲያትል ላይ ይህንን በግልጽ አሳይታለች። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕጻናት ቻይንኛ የሚናገር ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩትና በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አልጨመሩም። ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮኽ መጫወቻም ከዚህ የተሻለ ይሠራል ብዬ አላምንም።

ለጥያቄ አቅራቢውም፦ ብሎኬትንም አታግንነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው ሲያትል ብሎኬት የተሰጣቸው ሕጻናት በቋንቋ መለኪያ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው ተዘግቧል። የጥናቱን ወጪ የደገፈው ግን ብሎኬት አምራቹ ሜጋ ብሎክስ ነው። ይህም መታወቅ አለበት።

የኬጂ አስተማሪ፦
እኔ በየቀኑ የማየውን ልናገር። የሚዘፍነውን መጫወቻ መሐል ሳስቀምጥ ልጆቹ ቁልፉን ለመጫን ይጋፋሉ። ንግግራቸው «የኔ ነው!» እና «ተራዬ ነው!» ብቻ ነው። እቃቃ ሲጫወቱ ግን ሌላ ልጆች ይሆናሉ። አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዱ እንግዳ ሆኖ በር ያንኳኳል። «ግቡ፣ ኖር!» ትለዋለች። «አይ፣ እቸኩላለሁ» ይላል። «እንዴ! ቡና ሳይጠጡማ አይሄዱም!» ትቆጣለች። እዚህ ውስጥ ልመና አለ፣ እምቢታ አለ፣ አንቱታ አለ። ቤት ምንም የማይናገር የተባለ ልጅ እንግዳ ሆኖ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው የቆርቆሮ ክዳን፣ የተሰበረ ስኒና የጨርቅ አሻንጉሊት ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ክፍሌ ውስጥ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ አስተማሪ እኔ ብቻ ነኝ። ከእያንዳንዱ ጋር ላውራ ብል ቀኑ አይበቃም። መዋጮው ረዳት ለመቅጠር ቢውል ከሁለታችሁም ሐሳብ ይበልጥብኛል።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦
የእኛ ችግር ሌላ ነው። ልጄ ቀኑን እንግሊዝኛ ሲሰማ ይውላል። ቤት ሲመጣ መጫወቻው ሁሉ እንግሊዝኛ ይናገራል። አማርኛ የሚናገር መጫወቻ ባገኝ ዛሬውኑ እገዛ ነበር። ጓደኞቼ ደግሞ «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያዘገየዋል» እያሉ ያስፈራሩኛል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። በዚህ አትስጋ። አማርኛውን አንተው ስጠው። እንግሊዝኛ የሚዘፍነውን መኪና ባትሪውን አውጣና «መኪናው ወዴት ይሄዳል? አያት ጋ?» እያልክ አብረኸው ግፋ። ኩኩሉ ተጫወቱ፤ «አልነጋም» ማለት ሲጀምር ተራ መጠበቅንም ተማረ ማለት ነው።

ዘግይቶ የሚናገር ልጅ እናት፦
ክርክራችሁን ሳነብ ያመመኝን ልናገር። ልጄ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አላጋጠመም ነበር። ያገኘኝ ሁሉ «የሚያወራ መጫወቻ ግዢለት» ይለኛል። የጆሮ ምርመራ አስደርጊ ያለኝ ሰው አልነበረም። ኋላ ሐኪም ጋ ሄደን ነው የመስማት ችግሩ የታወቀው። እባካችሁ፣ ልጅ ከዘገየ ከሱቅ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ችግሩ ኦቲዝም ሊሆንም ይችላል። ለዚያም ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ጆይ ማዕከል አለ።

ጥያቄውን ያነሳው አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ይኼ መነገር ነበረበት። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ነው። ሐሳቤን አሻሽዬ አቀርባለሁ፦ መዋጮው በመጀመሪያ ለረዳት፣ የተረፈው ለሥዕል መጻሕፍት። የእቃቃውን ዕቃ ከየቤታችን እናምጣ።

የመንትዮች እናት፦
ረዳቷን እደግፋለሁ፣ እጄንም አወጣለሁ። መጫወቻውን ግን ከቤቴ አላወጣም። ሞግዚቷ ከልጆቹ ጋር እንድታወራ እጠይቃታለሁ፤ ለዚያ ደግሞ ከምግብና ከልብስ ማጠብ የምትተርፍበት ሰዓት ልሰጣት ይገባል። ይህንንም በስብሰባው አንሱልኝ፤ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለሞግዚት ነው ትተን የምንወጣው።